ስላይም ሞልድ ፀሐይ ላይ ለምን ይሞታል? ጨለማ ውስጥስ ለምን ስፖር አይሰጥም?

የሳይንስ_ክበብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን የፀሐይ ብርሃንና አልትራቫዮሌት ጨረር በስላይም ሞልድ (በበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ላይ የሚገኝ አተላ መሳይ ሕያው ነገር) እድገት ላይ ምን እንደሚያመጡ እየሞከሩ ነው። የያዝነው ቢጫው ፊሳረም ፖሊሴፋለም ነው፤ ወረቀት ላይ ከደረቀ ስክለሮሺየም፣ ማለትም ደርቆ ከተኛ መልኩ፣ የተነሳ። የሚያድግበት ጄሊ መሳይ አጋር 2 በመቶ፣ ምንም ያልተጨመረበት። ዕቃው ባለ 90 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ፔትሪ ዲሽ፣ ምግቡ የተዳመጠ አጃ። ቦታው አዲስ አበባ።

አራት ቡድን አለን፣ በየቡድኑ አምስት ዲሽ። የመጀመሪያው ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ሥር ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተቀመጠ። በማግስቱ ሦስቱ ፈዝዘው ውሃ መስለዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ጠርዛቸው ላይ ጠንካራ ብርቱካናማ ቅርፊት ሠርተዋል። ሁለተኛው ቡድን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ አጃውን ሙልጭ አድርጎ ይበላል፣ ይስፋፋል፣ ስፖር ግን የለም። ሦስተኛው ሱቆች የሐሰት ብር በሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ሥር በቀን 2 ሰዓት ይገባል፤ ከመብራቱ ሸሽቶ ጠርዝ ሥር ይደበቃል እንጂ ሌላ ለውጥ አላየንበትም። አራተኛው በክፍሉ ተራ ብርሃን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ማነጻጸሪያ ነው። ከዚህ ቡድን አንዱ ዲሽ ምግብ ሳይጨመርለት ሰንብቶ በአንድ ሌሊት የክብሪት ራስ የመሰሉ ጥቁር ነገሮች አበቀለ፤ አራቱ ግን ምንም።

ተማሪዎቹ «አልትራቫዮሌት ይገድለዋል፣ ጨለማ ያሳድገዋል» ብለው ሊዘጉት ነው። ያስኬዳል? ካላስኬደስ ሙከራው እንዴት ይስተካከል?

ፕላዝማ፦

መምህር፣ አያስኬድም። የሠሩት ሥራ ግን ጥሩ ነው፤ አራቱም ውጤቶች ትርጉም አላቸው። ችግሩ የመጀመሪያው ቡድን ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መውረዱ ነው፦ ሙቀት፣ የሚታይ ብርሃንና አልትራቫዮሌት።

ከሙቀቱ ልጀምር፣ ገዳዩ እሱ ሳይሆን አይቀርምና። ፊሳረም ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቸዋል፤ 30ን ሲያልፍ ይታወካል። ክዳኑ የተዘጋ ዲሽ ቀጥታ ፀሐይ ሲያርፍበት የክፍሉ አየር 22 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል። ምልክቱ ክዳኑ ላይ የሚቋጠረው ላብ ነው፤ ከአጋሩ የተነነው ውሃ ቀዝቀዝ ያለው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሌላው ቦታ ይደርቃል። ፈዝዘው ውሃ የመሰሉት ሦስቱ በሙቀት የሞቱ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ቀጭን የቴርሞሜትር ጫፍ ባዶ አጋር ባለበት ዲሽ ውስጥ አስገብታችሁ እዚያው ፀሐይ ላይ አስቀምጡና በየ10 ደቂቃው አንብቡ። ይህ ቁጥር በሌለበት ስለ ጨረር ምንም መደምደም አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር መስታወቱ ነው። አልትራቫዮሌት በሞገዱ ርዝመት ኤ (ረጅሙ)፣ ቢ (መካከለኛው) እና ሲ (አጭሩ) ተብሎ ይከፈላል። ተራ የመስኮት መስታወት ከ320 ናኖሜትር በታች ያለውን፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ቢን በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ያስቀራል። የሚያልፈው አብዛኛው አልትራቫዮሌት ኤና የሚታየው ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌት ሲ ደግሞ ከፀሐይ ቢነሣም ከባቢ አየር ላይ ተውጦ ስለሚቀር መሬት አይደርስም። ስለዚህ «የፀሐይ አልትራቫዮሌት» ያላችሁት ቡድን ዲ ኤን ኤን በቀጥታ የሚጎዳውን ክፍል ከሞላ ጎደል አላገኘም።

ቅርፊት የሠሩት ሁለቱ ሞተዋል ብላችሁ አትጣሏቸው። ስክለሮሺየም ሊሆን ይችላል፤ ፕላዝሞዲየሙ፣ ማለትም እየተስፋፋ የሚበላው ቢጫ አካል፣ ሲደርቅ፣ ሲራብ ወይም ሲጨነቅ በጥቃቅን ክፍሎች ተከፋፍሎ ግድግዳ ሠርቶ የሚተኛበት መልክ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቅርፊቱን በምላጭ አንሥታችሁ አዲስ አጋር ላይ አድርጉት፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፣ በፎይል ሸፍናችሁ 22 ዲግሪ አካባቢ አቆዩት። ሕያው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ከጠርዙ ቢጫ ስስ ሽፋን ይወጣል። ከሞተ ይላቁጥና ባክቴሪያ ይወርሰዋል። ጠንካራ ስክለሮሺየም ለመሥራት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ዝግ ያለ ድርቀት ይፈልጋል። ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ስታደርቀው ግድግዳውን ሳይጨርስ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ለማስቀመጥ ሲፈለግ እርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ የሚደረገው።

የብር መለያው መብራት ያመጣው ውጤት ግን ንጹሕ ነው። ያ መብራት አልትራቫዮሌት ኤ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 365 ናኖሜትር አካባቢ። ሐምራዊ ሆኖ በደንብ የሚታያችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ 395 የተጠጋ ኤልኢዲ ይሆናል። ፕላዝሞዲየም ከሰማያዊና ከአልትራቫዮሌት ኤ ብርሃን ይሸሻል፤ ያያችሁት እሱን ነው። ለመሸሽ ቦታ እስካለው ድረስ ጉዳት አይታይበትም። ጉዳት መለካት ከተፈለገ መሸሸጊያ መከልከል አለበት፤ ሽሽት መለካት ከተፈለገ ደግሞ መሸሸጊያ በልክ መስጠት። ሁለቱ በአንድ ዲሽ አይለኩም።

ጨለማ_ክፍል፦

ፕላዝማ ያልነካው አራተኛው ቡድን ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ጥቁሮቹ የክብሪት ራሶች ስፖራንጂየም፣ ማለትም ስፖር የሚይዙ ራሶች፣ ናቸው። ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት የማይሰጡት ሁለቱንም ስላላገኙ ነው፦ አልተራቡም፣ ብርሃንም አላዩም። ቢጫ ፕላዝሞዲየም ስፖር ለመስጠት መጀመሪያ ለቀናት መራብ፣ ከዚያ ብርሃን ማግኘት ያስፈልገዋል። ጠግቦ ሳለ ብርሃን ቢበራለት ይሸሻል እንጂ አይለወጥም፤ ተርቦ ጨለማ ውስጥ ቢቆይ ወደ ስክለሮሺየም ያዘነብላል። ቀለም የሌላቸው፣ ነጭ ፕላዝሞዲየም ያላቸው ዝርያዎች ጨለማ ውስጥም ስፖር ሊሰጡ ይችላሉ። ይህ ልዩነት ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነው።

በተግባር እንዲህ ይደረጋል። ከአንድ እናት ዲሽ፣ በደንብ ከሚያድገው የፊት ጠርዝ፣ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ከነአጋሩ ቁረጡ። አጃ የተጣበቀበትን አትውሰዱ፤ አንድ ቅንጣት አጃ ረሃቡን በቀናት ያዘገየዋል። አዲስ ባዶ አጋር ላይ አስቀምጡትና ዲሹን በሁለት ድርብ ፎይል ጠቅልላችሁ 22 ዲግሪ አካባቢ ለ5 ወይም 6 ቀን አቆዩት። በላብራቶሪ ናያሲን (ቫይታሚን ቢ3) ይጨመራል፣ ለትምህርት ቤት ግን ያለሱም ይሄዳል፤ ከየአምስቱ ዲሽ ሁሉም እንዲሰጥ ግን አትጠብቁ። በ6ኛው ቀን ፕላዝሞዲየሙ ስስ ይሆናል፣ ደም ሥር የመሰሉት መስመሮች በርከት ብለው ይታያሉ፣ ዙሪያውን ያለፈበትን መንገድ የሚያሳይ ግልጽ አተላ ይተዋል። ያን ጊዜ ፎይሉን አንሡና በ9 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሥር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ሳታጠፉ አቆዩት። ፀሐይ በፍጹም አያስፈልግም። ነጭ ኤልኢዲ 450 ናኖሜትር አካባቢ ጠንካራ ሰማያዊ አለው፤ የሚያስፈልገውም እሱ ነው፣ ሙቀቱም ትንሽ ነው።

ከብርሃኑ በኋላ ለሰዓታት ምንም የተለወጠ አይመስልም። ቀጥሎ መስመሮቹ ተቆራርጠው እንደ ዶቃ ይቋጠራሉ፤ ዶቃዎቹ ይነሣሉ፣ እግር ያወጣሉ፣ ራስ ይሠራሉ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣሉ። አብዛኛው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። መሐሉ ላይ መመለሻ የሌለው ነጥብ አለ፦ ብርሃን ካየ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት አጃ ብትሰጡት ወደ እድገት ይመለሳል፤ ያንን ካለፈ በኋላ ግን ምግብ ብታፈሱበትም ስፖር ከመስጠት አይመለስም። ለተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ሙከራ አላውቅም። ከብርሃኑ በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ9ኛው ሰዓት ለየአንዳንዱ ዲሽ አንድ ቅንጣት አጃ ስጡና የትኞቹ እንደተመለሱ መዝግቡ።

ስፖራንጂየሙ በሚነሣበት ሰዓት ከክዳኑ ውሃ እንዳይንጠባጠብበት ተጠንቀቁ። አጋሩ ውስጥ ትርፍ ውሃ ካለ ራሶቹ ተጣብቀው ጥቁር ጭቃ ይሆናሉ። አጋሩን ስትቀዱ ወደ 50 ዲግሪ ከቀዘቀዘ በኋላ ቅዱ፤ በሚጋረፍ ሙቀቱ ከቀዳችሁ ክዳኑ በላብ ይሸፈናል።

ባሕር_ዛፍ፦

ጥሩ ምክር ነው። አንድ ልጨምር፦ ፎይል ውስጥ ያሉትን በየቀኑ ለማየት ቀይ አምፖል ተጠቀሙ፣ ቀይ ብርሃን አያስቸግራቸውም። ደግሞ ዘሩ ካለቀባችሁ አትቸገሩ፤ በክረምት የበሰበሰ ግንድና የተከመረ ቅጠል ላይ ቢጫ ፕላዝሞዲየም ይገኛል።

ጨለማ_ክፍል፦

@ባሕር_ዛፍ በቀይ አምፖሉ አልስማማም፤ ለፎቶ ማጠቢያ የሚሠራው ደንብ እዚህ አይሠራም። ፊሳረም ውስጥ ፋይቶክሮምን፣ ማለትም ዕፅዋት ቀይ ብርሃንን የሚለዩበትን ፕሮቲን፣ የመሰለ ብርሃን ተቀባይ አለ። 700 ናኖሜትርን ያለፈው ጥልቅ ቀይ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ቢበራለት የተራበውን ፕላዝሞዲየም ስፖር ወደ መስጠት ይመራዋል፤ ከዚያ ወዲያው ተራ ቀይ፣ 670 አካባቢ፣ ቢበራለት ደግሞ ያንን ትእዛዝ ይሽራል። ይህ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ታትሞ የታወቀ ነው። አሮጌ ባለ ክር ቀይ አምፖል ጥልቅ ቀይና ሙቀት በብዛት ይረጫል፤ ጨለማ ውስጥ የነበሩት ዲሾች «ያለ ብርሃን ስፖር ሰጡ» የሚል የተሳሳተ ውጤት የሚመጣው በዚህ ነው። ማየት ግድ ከሆነ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ኤልኢዲ ለጥቂት ሴኮንዶች አብሩ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፈት ትርፍ ዲሽ አዘጋጅቶ የቀሩትን አለመንካት ነው።

ከዱር ስለሚመጣው፦ ይገኛል፣ ነገር ግን ዝርያው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አጃ የማይበላም ብዙ ነው፣ ሻጋታና ነፍሳትም ይዞ ይመጣል። ለዚህ ሥራ አይመከርም። የአካባቢውን ዝርያ ማየት ለሚፈልግ ቀላሉ መንገድ የሕያው ዛፍ ቅርፊት፣ የጥድም የወይራም፣ ቁርጥራጩን ማጣሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ዲሽ ውስጥ ለአንድ ቀን በውሃ ነክሮ፣ ትርፉን ደፍቶ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያርፍበት ብርሃን ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ነው። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር በየሁለት ቀኑ ይታያል።

የሳይንስ_ክበብ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። የቴርሞሜትሩ ነገር ገብቶናል። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ቢ ከሙቀቱም ከሚታየው ብርሃንም ለይቶ ለማየት በእኛ አቅም መንገድ አለ? ሌላው፣ ባክቴሪያ የሚገድል የአልትራቫዮሌት ሲ ቱቦ ያለው ሣጥን ልናገኝ እንችላለን፤ ክዳኑን ሳንከፍት ብናበራበት ይሠራል?

ከፍታ፦

ከኋላው ልጀምር። አይሠራም። የፔትሪ ዲሽ ክዳን ፖሊስታይሪን ነው፤ ባክቴሪያ ገዳይ ቱቦ የሚያወጣው 254 ናኖሜትር እሱን አያልፍም። ክዳኑን ዘግታችሁ «ሲ አልጎዳውም» ብትሉ የለካችሁት ፕላስቲኩን ነው። ክዳኑ መነሣት አለበት፣ ስለዚህ ለሁሉም ቡድን፣ ጨረር ለማያገኘውም ጭምር፣ ለእኩል ጊዜ ይነሣ፤ ያለዚያ የድርቀትና የአየር ወለድ ሻጋታ ልዩነት ይገባል።

በቅድሚያ ግን ጥንቃቄው። ይህ ጨረር ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፤ የዓይኑ ሕመም የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ተማሪው በዚያ ቅጽበት ምንም አያውቅም። ሣጥኑ በር ሲከፈት መብራቱን የሚያጠፋ ማብሪያ ከሌለው ተማሪ አይንካው፤ መምህሩ ራሱ የፊት መከለያና ጓንት አድርጎ፣ እጅጌውን ዘግቶ ይሥራ። ርካሽ ሆነው «አልትራቫዮሌት ሲ» ተብለው የሚሸጡ ኤልኢዲዎች አብዛኞቹ ሐምራዊ ብርሃን ብቻ ናቸው፣ በእነሱ አትታለሉ።

የጨረሩ መጠን የኃይሉ ጥንካሬ በጊዜ ሲባዛ ነው። በካሬ ሜትር 1 ዋት የሚያደርስ ቱቦ በ60 ሴኮንድ 60 ጁል በካሬ ሜትር ይሰጣል። መለኪያ ከሌላችሁ ርቀቱን አትቀያይሩ፤ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠብቁትና ጊዜውን ብቻ እጥፍ እያደረጋችሁ ሂዱ፦ 0፣ 15፣ 30፣ 60፣ 120፣ 240 ሴኮንድ። ቱቦው ረጅም ስለሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በአራት ይከፈላል የሚለው ሒሳብ በቅርብ ርቀት አይሠራም። ቱቦው ሙሉ ኃይሉን እስኪይዝ ቀድሞ ለ10 ደቂቃ ይብራ፤ ዲሹን በካርቶን ከልላችሁ አስገቡና ካርቶኑን በማንሣት ጊዜውን ቁጠሩ።

ውጤቱን የሚያዛባው ዋናው ነገር የፕላዝሞዲየሙ ውፍረት ነው። አልትራቫዮሌት ሲ ከላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ይዋጣል፣ ከታች ያለው ከለላ ያገኛል። በዚያ ላይ ፕላዝሞዲየሙ አንድ ትልቅ ሴል ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኒውክለሶች በጋራ ፈሳሽ ውስጥ ናቸው፣ ፈሳሹም በየደቂቃው ወይም በየሁለት ደቂቃው አቅጣጫ እየቀየረ ይመላለሳል። ስለዚህ የተጎዱትና ያልተጎዱት ይደባለቃሉ። ወፍራም ቁራጭ 240 ሴኮንድ ችሎ ሲያድር ስሱ በ60 ሊሞት ይችላል፤ ይህን «ልዩ ጥንካሬ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ቁራጮቹ በስፋትም በውፍረትም ይመሳሰሉ፤ ከጨረሩ በፊት ባዶ አጋር ላይ ለ12 ሰዓት ጨለማ ውስጥ እንዲነጠፉ ተዉዋቸው።

ጨለማ_ክፍል ከአንድ እናት ዲሽ ቁረጡ ያለው፣ ባያብራራውም፣ ትልቅ ምክንያት አለው፤ ሁሉም ቁራጭ በአንድ ሰዓትም ይቆረጥ። የአንድ ፕላዝሞዲየም ኒውክለሶች በሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ይከፈላሉ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ዑደት። ከክፍፍል በኋላ ወዲያው ዲ ኤን ኤ መቅዳት ይጀምራሉ፤ ሌሎች ሴሎች የሚያርፉበት ጂ1 የሚባለው ክፍል እዚህ የለም። አልትራቫዮሌት ቀጣዩን ክፍፍል ያዘገያል፤ ምን ያህል እንደሚያዘገየው ጨረሩ ዑደቱ የት ላይ ሳለ እንዳረፈ ይለያያል። ሁለት እናት ዲሽ ከቀላቀላችሁ ይህ ልዩነት በውጤቱ ላይ እንደ ትርምስ ይታያል። ከጨረሩ በኋላ ለአንድ ቀን ሁሉም ጨለማ ውስጥ ይቆዩ፤ በብዙ ፍጥረታት ሰማያዊ ብርሃን የተጎዳውን ዲ ኤን ኤ የሚጠግን ኤንዛይም ያነቃል። ይህን ራሱን መፈተን የፈለገ ተማሪ ግማሾቹን ጨለማ፣ ግማሾቹን ነጭ ኤልኢዲ ሥር ያድርግ።

አሁን ወደ ፀሐይዋ። አዲስ አበባ ለዚህ ሙከራ ምቹ ናት፤ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፣ ለምድር ወገብም ቅርብ። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፀሐይ በአናት ላይ የምትሆነው በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ የነሐሴው በደመና ይሸፈናል፣ የሚያዝያው ግን ይጠቅማችኋል። ሰዓቱ ከቀኑ 5 እስከ 8።

ብርሃኑን ለመለየት የሚያስፈልገው ፕላስቲክ ነው። ስስ ፖሊኢታይሊን፣ የዳቦ መጠቅለያ ዓይነቱ ግልጽ ላስቲክ፣ አልትራቫዮሌት ኤንም ቢንም ያሳልፋል። የፖሊኢስተር ፊልም ከ318 ናኖሜትር በታች ያለውን ያስቀራል፣ ኤን ያሳልፋል። ፖሊካርቦኔት ደግሞ አልትራቫዮሌትን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያስቀርና የሚታየውን ብቻ ይለቅቃል። የሦስቱ ልዩነት መልሱን ይሰጣችኋል፦ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት የቢ ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው የኤ። አራተኛው በፎይል የተሸፈነ ሆኖ እዚያው ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፤ እሱ የሙቀት ማነጻጸሪያችሁ ነው። የዲሾቹን ክዳን አንሥታችሁ ፊልሙን በጎማ ቀለበት ወጥሩበት።

ሙቀቱን ለማውረድ ዲሾቹን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውሃ በያዘ ሰፊ ሳፋ ውስጥ፣ ውሃው ከዲሹ ጠርዝ በታች እንዲሆን አድርጋችሁ፣ በተገለበጠ ዕቃ ላይ አስቀምጡ። ሳፋው ውስጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዛችሁ አስገቡ፣ ሲሞቅ ቀይሩ። የአጋሩ ሙቀት 26 ላይ ከቆየ ተሳክቷል። የፀሐዩ ጊዜ 5፣ 10፣ 20 እና 40 ደቂቃ ይሁን፣ ከዚያ አይብለጥ። አምስት ሰዓት ማቆየት ሁሉንም ይገድልና ምንም አያስተምርም።

አጋሩን በተራ ድስት አፍልታችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር፦ በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ስፖር አይገድልም። በፕሬዠር ድስት እንኳ በ15 ፒኤስአይ የምታገኙት 121 ሳይሆን ወደ 117 ዲግሪ ነው። የተለመደውን 15 ደቂቃ ወደ 30 አሳድጉት። ክዳን የሚነሣበት ሙከራ ላይ ሻጋታ ከገባ ግማሹ መረጃ ይጠፋል።

ሌንስ፦

ከላይ ያለውን ሁሉ ተቀብዬ፣ «ስላይም ሞልድ ከብርሃን ይሸሻል» የሚለው በፖስተሩ ላይ እንዳይጻፍ ልጠይቅ። ይህ የፊሳረም ፕላዝሞዲየም ጠባይ ነው። ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም፣ ሴሎቹ ተለያይተው የሚኖሩት ሌላው ዓይነት፣ ተቃራኒውን ያደርጋል። ባክቴሪያ ሲያልቅበት አሜባዎቹ ተሰብስበው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ትል መሳይ ነገር ይሠራሉ፤ ይህ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ከቅጠል ሥር ወጥቶ ስፖሩን አየር ላይ ለማንሣት ይጠቅመዋል። ፊሳረምም ቢሆን ሲያድግ እንጨት ውስጥ ይደበቃል፣ ስፖር ሲሰጥ ወደ ብርሃን ይወጣል። የስፖሩ ግድግዳ ሜላኒን ያለበት ጥቁር ስለሆነ አልትራቫዮሌትን ይመክታል፤ ራቁቱን የሆነው ፕላዝሞዲየም ግን ያ መከላከያ የለውም። ጥያቄው «ብርሃን ይወዳል ወይስ ይጠላል» ሳይሆን «በየትኛው የሕይወት ደረጃ ላይ» ቢሆን ይሻላል።

ትሉ አቅጣጫ የሚያውቅበት ዘዴ ደግሞ ለፊዚክስ ተማሪዎች ይጣፍጣል። አካሉ ግልጽ ሲሊንደር ስለሆነ ከጎን የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ማዶ ግድግዳው ላይ ያተኩረዋል፤ ከደመቀው ጎን እየራቀ ይዞራል፣ ውጤቱም ወደ ምንጩ መሄድ ይሆናል። በፓራፊን ዘይት ቢሸፈን ብርሃኑ መሰብሰቡ ይቀርና ተገልብጦ ከምንጩ ይሸሻል። አጭር ሞገድ ያለው አልትራቫዮሌት ደግሞ አካሉን ሳያቋርጥ በቅርቡ ጎን ላይ ይዋጣል፤ ያኔም ትሉ ፊቱን ያዞራል። ይህን የሚሞክር ሰው የመብራቱን ሙቀት ይጠንቀቅ፤ ትሉ በሴንቲ ሜትር ከ0.1 ዲግሪ ያነሰ የሙቀት ልዩነት ይለያል፣ ስለዚህ አምፖሉን ከዲሹ አርቆ መሐል ላይ ውሃ የያዘ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ማቆም ያስፈልጋል።

የሽሽቱን ሙከራ በፊሳረም የሚሠሩት ግን አንድ የታወቀ ሥራ አለላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ናካጋኪና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ የምግብ ነጥቦችን አስቀምጠው ከመሐላቸው ያለውን መስክ ግማሹን አበሩት። ፕላዝሞዲየሙ ቀጥ ያለውን አጭር መስመር ትቶ ብርሃን ውስጥ የሚያልፈውን ርዝመት የሚቀንስ የታጠፈ መንገድ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2010 የቶኪዮን የባቡር መረብ በመሰለው ሙከራም ተራራና ባሕር የተተካው በብርሃን ነበር። ይህ በትምህርት ቤት ይደገማል፦ 12 ሴንቲ ሜትር በ12 ሴንቲ ሜትር አጋር፣ ሁለት የአጃ ክምር በሰያፍ ማዕዘኖች፣ ግማሹ በጥቁር ካርቶን የተሸፈነ፣ ከላይ ነጭ ኤልኢዲ። ካርቶኑ ከአጋሩ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከተጠጋ እርጥበት ይይዛል፣ ፕላዝሞዲየሙም የሚመርጠው ጨለማውን ይሁን እርጥበቱን አታውቁም።

የሳይንስ_ክበብ፦

ይህ ሁሉ ወርቅ ነው፣ እናመሰግናለን። የመጨረሻ፦ እድገቱን በምን እንለካ? እስካሁን በማስመሪያ ረጅሙን ጫፍ ነበር የምንለካው።

ፕላዝማ፦

ረጅሙን ጫፍ ተዉት፤ ፕላዝሞዲየም አንድ ጣት ልኮ ሌላውን ሊተው ይችላል። የሸፈነውን ስፋት ለኩ። ከዲሹ ሥር ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ወረቀት አንጥፉ፣ ስልኩን ከ25 ሴንቲ ሜትር ላይ በቋሚ ዕቃ አስራችሁ በየ6 ሰዓቱ አንሡ፣ ከግማሽ በላይ ቢጫ የያዙትን ካሬዎች ቁጠሩ። አንድ ካሬ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የስልኩ ፍላሽ ይጥፋ፤ ፎይል ውስጥ ለነበሩት ፍላሽ ራሱ ብርሃን ነው። ፎቶ ማንሣት ግድ ለሆነባቸው ጨለማ ዲሾች አንድ ዲሽ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ ከሙከራው ይውጣ፤ ስለዚህ ለጨለማው ቡድን በአምስት ፋንታ 15 ዲሽ አዘጋጁ።

ስፋትን ብቻ ግን አትመኑ። የተጎዳ ፕላዝሞዲየም ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ስፋቱ ሊጨምር ይችላል። ከጎኑ ሁለት ነገር ጻፉ፦ በ40 እጥፍ ማይክሮስኮፕ ስታዩት ፈሳሹ ይመላለሳል ወይስ ቆሟል፣ አዲስ አጃ ሲሰጠውስ በስንት ሰዓት ደረሰበት። ፈሳሹ ከቆመ 2 ደቂቃ ጠብቁ፤ አቅጣጫ ሲቀይር ለአፍታ ይቆማልና።

ከፍታ፦

ካሬ የሚቆጥረው ተማሪ የትኛው ዲሽ ምን ጨረር እንዳገኘ አይወቅ። ዲሾቹን ከሥር በቁጥር ብቻ ምልክት አድርጉ፣ ዝርዝሩ መምህሩ ጋ ይቆይ። ምልክቱን ክዳን ላይ አትጻፉ፤ ክዳኖች ሲነሡ ይቀያየራሉ።